የክራሩ ባለቤት



ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ሲነሳ በአብዛኞቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ጸጉሩን ያሳደገ፣ ጊታሩን ከወገቡ በታች ያወረደ ወንድ ነው። ያንን ወንድ ማን አስተማረው ብለን ወደ ኋላ ስንሄድ ግን የምናገኘው አንዲት ዘማሪ ናት። ስሟ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ይባላል።

ሮዜታ እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ፣ አርካንሳስ ግዛት፣ ኮተን ፕላንት በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደች። እናቷ ኬቲ ቤል ኑቢን ማንዶሊን እየተጫወተች የምትሰብክ ሴት ነበረች። ልጅቱም በስድስት ዓመቷ ገደማ ጊታር ይዛ ከእናቷ አጠገብ መቆም ጀመረች። በ1938 ዴካ የተባለው ኩባንያ መዝሙሮቿን በሸክላ ቀረጸላት። በዚያው ዓመት ኮተን ክለብ በተባለው የኒው ዮርክ ምሽት ክበብ ተጫወተች፤ ዓመቱ ሳያልቅም በካርኔጊ አዳራሽ መድረክ ላይ ታየች። መዝሙርን ጭፈራ ቤት አስገባች ተብላ ከምእመናኑ ብዙ ወቀሳ ደረሰባት። እሷ ግን ጊታሯን አላስቀመጠችም። በ1944 የቀረጸችው «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፕኒንግ ኤቭሪ ዴይ» የተባለው መዝሙር በተከታዩ ዓመት በጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ከመጀመሪያዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላዎች አንዱ ይህ ነው የሚሉ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም።

እጇ ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ዛሬ የምናገረው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። በእሷ ዘመን ብዙ ዘፋኝ ጊታርን የሚይዘው ድምፁን ለማጀብ ነበር። የሮዜታ ጊታር ግን ድምጿ ሲያርፍ ቃሉን ተቀብሎ ይቀጥላል። ኖታውን አንድ በአንድ እየነጠለች፣ ክሩን በጣቷ እየገፋች ታስጮኸዋለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትዘምራለች። በኋላ ቸክ ቤሪ ዓለምን ያስጨፈረበትን አጨዋወት ከዚህ እጅ ተምሯል። በ1947 ሜከን በተባለች ከተማ ለዝግጅት ስትዘጋጅ የ14 ዓመት ልጅ ሲዘፍን ሰምታ መድረኳ ላይ አወጣችው፤ ያ ልጅ ሊትል ሪቻርድ ነው። በ1964 ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር፣ ሥራ ባቆመ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ለቴሌቪዥን ስትጫወት ተቀርጻለች። ካፖርቷን እንደለበሰች ኤሌክትሪክ ጊታሯን አንግታ ትጫወታለች፤ ከሐዲዱ ማዶ የተቀመጡት የእንግሊዝ ወጣቶች ዓይናቸውን ከእጇ አይነቅሉም።

በ1973 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፈች። መቃብሯ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ስሟን የያዘ ድንጋይ አልቆመም። የሮክ የክብር አዳራሽ በ1986 የመጀመሪያዎቹን ታላላቆች ሲቀበል ቸክ ቤሪ፣ ኤልቪስ ፕሪስሊና ሊትል ሪቻርድ ገቡ። ሮዜታ የገባችው በ2018 ነው። ከእሷ የተማሩት በ32 ዓመት ቀድመዋታል።

ብቻዋንም አልነበረችም። ሜምፊስ ሚኒ የተባለችው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ከባሏ ከካንሳስ ጆ ማኮይ ጋር በ1929 ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ ጎርፍ የቀረጸችውን ዘፈን ሌድ ዘፔሊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ቡድን በ1971 እንደገና ሠርቶ ዝናው ናኘ። ዛሬ ያን ዘፈን የሚያውቀው አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በእነሱ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ መርካቶ የመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛም አገር የክር መሣሪያ በሴት እጅ ነበረ። ነበረ ስል ጥግ ላይ፣ ተደብቆ ማለቴ አይደለም፤ ከተማው እየሰማው፣ እያጨበጨበለት ነበረ። በኋላ ከእጃቸው ወጣ። እንዴት ወጣ የሚለውን ደግሞ ከዚህ ሰፈር ሰው የተሻለ የሚረዳ ያለ አይመስለኝም፤ ነገሩ የዕቃና የባለቤትነት ጉዳይ ስለሆነ።

ከአስናቀች ወርቁ እንጀምር። አስናቀችን ብዙዎቻችሁ በዝናዋ ታውቋታላችሁ። ሴት በመድረክ ላይ መታየት እንደ ነውር በሚቆጠርበት ጊዜ፣ የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት ዘመን፣ በማዘጋጃ ቤት ቴአትር መድረክ ላይ የወጣች ፈር ቀዳጅ ተዋናይት ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1948 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለውም ቤት፣ ረጅም ዘመን አገልግላለች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ስለ ውበቷ፣ ስለ ድምጿ፣ ስለ ትወናዋ፣ ስለ ፍቅሯም ሳይቀር አወሩ። ሁሉም ደግ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ስለ ቀኝ እጇ በቂ አለመወራቱ ነው።

የአስናቀችን ክራር ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው መሣሪያ ነው፤ ክሮቹ በምንጫወተው ቅኝት፣ በትዝታ ወይም በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይቃኛሉ። ሲደረደር ጣት እያንዳንዱን ክር እየለየ ይነካል። ሲገረፍ ግን ነገሩ ይለያል። ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመታል፤ ከበስተ ኋላ ያሉት የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ፣ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። ዜማው የሚወጣው ከሚለቀቀው ክር ነው፤ ምቱ ደግሞ ከታፈኑት ክሮች ድምፅ ይወጣል። አንድ ሰው ብቻውን ዜማም ከበሮም ይሆናል ማለት ነው። የሮክ ጊታር ተጫዋች መዳፉን ክሩ ላይ አሳርፎ እያፈነ የሚመታው ምት ከዚህ አሠራር ብዙም አይርቅም። እኛ ለዚህ ጥበብ እንግዶች አልነበርንም።

አስናቀች ይህን ጥበብ ይዛ በቃል ግጥም ትጫወትበታለች። ስንኙን ትወረውራለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ክራሩ ይመልስላታል። ሰሙን ለሰሚው ትታ ወርቁን በክራሯ ትጠቁመዋለች ብል አላጋነንኩም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ያስቀረጸችው ሥራ ነው። ክራሯን ይዛ ከዋልያስ ባንድ ሰዎች ጋር፣ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋንና ከተማረ ሐረጉ ድራም ጋር ተቀምጣለች። ኦርጋኑ ልስልስ ብሎ ከኋላ ይመጣል፤ ድራሙ ሳይጫን ይከተላል፤ የሚመራው ክራሩ ነው። በጊዜው የነበረው ሥርዓት ዘመናዊው ባንድ እንዲመራ፣ የባህሉ መሣሪያም እንደ ጌጥ ጣል እንዲደረግ ነበር። እዚህ ሥራ ላይ የተገላቢጦሽ ነው። ሮዜታ መዝሙሯን ይዛ ከትልልቅ የጃዝ ባንዶች ፊት ስትቆም ያደረገችውን አስናቀች በእኛው ቅኝት አድርጋዋለች። አንዷ ስለ ሌላዋ መስማቷን የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ መስማትም አላስፈለጋቸውም። ይህ የአስናቀች የሙዚቃ ስብስብ ከዓመታት በኋላ ባሕር ማዶ በድጋሚ ታትሟል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይም 16ኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአስናቀች ክራር ተሰጥቷል።

አስናቀች ብቸኛ ብትሆን ኖሮ ልዩ ተሰጥኦ ነው ብለን እናልፍ ነበር። ሜሪ አርምዴም ነበረች። እሷም ክራሯን ይዛ የምትዘፍን፣ አዲስ አበባ በፍቅር የምትሰማት ሴት ነበረች። በውቤ በረሃ፣ በሰባተኛ፣ በየጠጅ ቤቱና በየቡና ቤቱ ክራር ይዛ እንግዳዋን የምታጫውት ሴት ብርቅ አልነበረችም። በሌላ ደረጃ ከተመለከትን እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር በታሪክ ይነገራል። በቁልፍ መሣሪያ በኩል ደግሞ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሉን፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር በሸክላ የታተመው የፒያኖ ሥራቸው ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይደመጣል፤ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አርፈዋል። ስለ እማሆይ አንድ ሙሉ ምሽት ቢሰጠኝ ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን ከክሩ አልወጣም።

አንድ ጥያቄ እዚህ ጋ ይነሳል። የአዝማሪ ቤት ልማድ ምን ይላል? ማሲንቆ የወንድ ነው። ወንዱ ማሲንቆውን ይዞ ይቀመጣል፤ ሴቲቱ ትዘፍናለች፣ ታጨበጭባለች፣ ትወዛወዛለች። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሴት መሣሪያ የላትም፤ ሥራዋ በሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ባለማሲንቆው ከታመመ ወይም ከተጣሉ እሷም ሥራ አጣች። ክራሩ ግን ይህን ለውጦታል። ክራር ቀላል ነው፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም፤ ሴት ልጅ ገዝታ ግድግዳዋ ላይ ልትሰቅለው ትችላለች። ማንንም ሳትጠብቅ ታወርደዋለች። ክራር የሰይጣን መሣሪያ ነው፣ በገና የዳዊት ነው የሚለው የቆየ አነጋገርም ሳያግዛት አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ክብር የተነፈገው መሣሪያ ዙሪያውን የሚጠብቅ ዘበኛ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሴቶች አነሱት። ስድቡ ግን በእነሱ ላይ አረፈ። አዝማሪ ተባሉ፣ ከዚያም የባሰ ተባሉ። ቤተሰብ ልጁን ከካደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። ሮዜታን ምእመናኑ ሲወቅሷት የሰማችውን ቃል የእኛዎቹም በአማርኛ ሰምተውታል።

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ። ዘመናዊ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በመንግሥት በር ነው። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን የሙት ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ የትንፋሽ መሣሪያ ባንዱ የተቋቋመው በእነሱ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ባንዶቹ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ ሠራዊት ሥር ተደራጁ። ሙዚቀኛው ወታደር ነው፤ ይቀጠራል፣ ይሠለጥናል፣ ማዕረግ ያገኛል። ትራምፔቱም፣ ሳክስፎኑም፣ በኋላም ኤሌክትሪክ ጊታሩ የክፍሉ ንብረት ነው፤ በንብረት ክፍል ተመዝግቦ ወጪ ይሆናል፣ ተመላሽ ይደረጋል። ሴት ልጅ ወደዚህ ግቢ የገባችው በድምጿ ነው። ብዙነሽ በቀለ ክብር ዘበኛ ገባች፤ ሂሩት በቀለ ፖሊስ ሠራዊት ገባች። ሁለቱም በአገራችን ሙዚቃ የማይደገም ድምፅ ናቸው። ማይክሮፎን ተሰጣቸው። መሣሪያ የሚሰጥ ግን አልነበረም። እንደ ወንዶቹ ወስዶ ሦስትና አራት ዓመት መሣሪያ የሚያሠለጥናቸው መምህርም አልተመደበላቸውም።

ኋላ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የራሳቸውን ባንድ ሲያቋቁሙም ነገሩ አልተለወጠም። ጊታሩና ማጉያው የክበቡ ባለቤት ነው። ዋልያስ ባንድ በ1960ዎቹ የራሱን መሣሪያ ገዝቶ መንቀሳቀሱ ለሙዚቀኛው ነጻነት ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ኃይሉ መርጊያም ይህን በኩራት ያነሳዋል። ያ ገንዘብ፣ ያ ብድር፣ ያ መተማመን ግን በጓደኛሞች፣ በወንዶች መካከል የነበረ ነው። ማህሙድ አማን ከዋልያስ፣ ሰላም ሥዩም ከሮሃ፣ ተክሌ አድኃኖምም በየባንዱ፣ የእኛን ቅኝት በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ያስቀመጡ ታላላቆች ናቸው፤ ውለታቸው ከፍ ያለ ነው። የሚጫወቱትን ግርፍ ስሰማ ግን ከኋላው ክራሩ ይሰማኛል። ያ ክራር ደግሞ በአብዛኛው በሴቶች ጉልበት ላይ ተቀምጦ ከተማ ውስጥ ያረጀ ክራር ነው። ስማቸው ከጊታሩ ታሪክ ውስጥ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ መርካቶ ትገባለች። ከሸክላ በኋላ የካሴት ዘመን ሲመጣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጎተራ ይህ ሰፈር ነበር። ካሴቱ እዚህ ይባዛል፣ እዚህ ይከፋፈላል፤ በጅምላ ተገዝቶ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ጎንደርም ወደ ጂማም ወደ ድሬዳዋም ይሄዳል። ሱቆቹ ድምፅ ማጉያ ውጭ አውጥተው የሚያጫውቱት ካሴት ይደምቃል፤ የማያጫውቱት ይሞታል። የካሴቱን ሽፋን አስታውሱ። የዘፋኟ ፎቶ ከፊት አለ። ከሥር «በሮሃ ባንድ» ወይም «በዋልያስ ባንድ» ተብሎ ይጻፋል። በውስጥ ገጹ ዕድለኛ ከሆንን ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ዜማውን ማን ደረሰ የሚለው ይኖራል። የትኛው እጅ የትኛውን መሣሪያ እንደነካ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ክራር ይዛ የምትዘፍን ሴት ካሴቷ ላይ «ድምፃዊት» ተብላ ታልፋለች፤ የራሷን ክራር ራሷ መጫወቷ የሚገባት የሙያ ስም ሳያገኝ ይቀራል። ነጋዴው ክፉ ሆኖ አይደለም። ገበያው የሚጠይቀው ድምፅና መልክ ነበር፤ እጅ አልተጠየቀም። ስለዚህም ልጅ ስትሰማ የምትመኘው ዘፋኝ መሆን ሆነ። ከክራሩ ወደ ጊታሩ የሚሻገረው ድልድይ ለልጃገረዶች ሳይዘረጋ ቀረ።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ልጥቀስ። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለ አልበሙን ሲያወጣ የእኛን ቅኝት በሮክ ጊታር ያቀረበ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው ሥራ ነበር፤ ወጣቱ በጣም ወደደው፤ እኔም ወደድኩት። ከፊት ከቆሙት አራት ድምፃውያን ሁለቱ፣ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሴቶች ነበሩ። መድረኩን እንደ እሳት ይዘውታል። ጊታሮቹ ግን ያኔም በወንዶች እጅ ነበሩ። ይኸው የክብር ዘበኛ ሥርዓት ነው፤ የደንብ ልብሱ ብቻ ተለውጧል።

በሌላ በኩል መክሊት ሐደሮን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ ጊታሯን ራሷ ይዛ፣ ዘፈኗን ራሷ ጽፋ የምትጫወት ሴት ናት። ከግብጻዊው የሙዚቃ ምሁር ሚና ጊርጊስ ጋር የናይል ፕሮጀክትን መሥርታ የዓባይ ተፋሰስ አገሮችን ሙዚቀኞች ባንድ መድረክ አገናኝታለች። የአስናቀች ዘር ወደ ጊታር ሲሻገር ምን እንደሚመስል ለማየት ከፈለጋችሁ እዚያ አለ። የተሻገረው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው፤ ጊታር በሴት ልጅ እጅ የማያስደንቅበት አገር ሄዶ። እዚሁ ቤታችን እንዲሆን ነው የምመኘው።

ለነጋዴ ደግሞ በነጋዴ ቋንቋ ልናገር። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ጊታር አምራች እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት በአሜሪካና በእንግሊዝ አዲስ ጊታር ከሚጀምሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል። ኩባንያው ይህን ያጠናው ለጽድቅ ብሎ አይደለም፤ ገበያውን ሊያውቅ ነው። ግማሹ ገዢ ችላ ተብሎ ኖሯል ማለት ነው። እዚህ መርካቶ የሙዚቃ መሣሪያ የምትሸጡ ወንድሞች፣ አባትና ልጅ ሱቃችሁ ሲገቡ ጊታሩን ለማን ታወርዳላችሁ? ሴት ልጅ ብቻዋን ስትመጣ «ለወንድምሽ ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ለ14 ዓመት ልጅ ትንሽ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ላትመለስ ትችላለች።

ለወላጆችም የምለው አለኝ። በየሰፈሩ፣ በየወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን፣ በየትምህርት ቤቱ ክበብ ጊታር የሚለማመዱ ልጆች አሉ። ሴት ልጃችሁ ለመዝሙር ቡድኑ ድምፅ ተመርጣ ከመጣች ደስ ይበላችሁ፤ ግን ጊታሩንም ትንካው። ሮዜታ የተማረችው ከእናቷ አጠገብ ቆማ ነው። ኬቲ ቤል ኑቢን ማንዶሊን ባትይዝ ኖሮ ልጅቱ ምን ትይዝ ነበር? ክራርም ይሁን ጊታር፣ ዋናው ነገር መሣሪያው የልጅቱ የራሷ መሆኑ ነው። የተዋሰችው መሣሪያ ሲጠየቅ ይመለሳል፤ ከእሱ ጋር ልምምዷም ይመለሳል።

የመጨረሻ ጉዳዬ በየመጋዘናችሁ ስላለው የቆየ ካሴት ነው። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ስልክ መጣ፤ የቀድሞ የካሴት ነጋዴዎችና ልጆቻቸው ዛሬ ልብስ ወይም የቤት ዕቃ ትሸጣላችሁ። ካሴቱ በካርቶን ታስሮ ቆጥ ላይ አለ፤ ቦታ ይይዛል፤ መርካቶ ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ምን ያህል እንደሚያወጣ እኔ አልነግራችሁም። የመርካቶ ቤቶች በተቃጠሉና በፈረሱ ቁጥርም ከዕቃው ጋር ብዙ ታሪክ ሄዷል። እባካችሁ፣ ካርቶኑን ለምን አለሽ ተራ ከመስጠታችሁ በፊት ፍቱት። ክራር የያዘች ሴት ፎቶ ያለበትን ለዩት። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ ያሳተመውን ሱቅ ስም ሳይቀር፣ ከካሴቱ ጋር አስቀምጡት። በዚያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ የነበራችሁ ሽማግሌዎች ደግሞ ክራሩን ማን እንደተጫወተ ታስታውሳላችሁና ስሟን በእስክሪብቶ ሽፋኑ ላይ ጻፉላት። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሉ፤ የአጨዋወቱን ስልት ከድምፁ ላይ ለቅመው በኖታ ሊያሰፍሩት ይችላሉ። ስሟን ግን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ካሴት ነጋዴ የነበራችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።